መለኪያ አለን፤ ልክ የለንም

ነገሩን ያለ ዳር ዳርታ እናንሣው። በአገራችን ሁለት ዓይነት ጠጪ አለ። አንደኛው ውስኪ ይጠጣል፤ የሚጠጣውን ግን አያውቀውም። ሁለተኛው አረቄ ይጠጣል፤ እሱም የሚጠጣውን አያውቀውም። የፊተኛውን አለማወቁ ገንዘቡን ያስከፍለዋል። የኋለኛውን ጉበቱን፣ ዓይኑን፣ አልፎ ተርፎም ነፍሱን ያስከፍለዋል። ይህ ጽሑፍ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለው።

የጠቡ መነሻ ይኸውላችሁ። በአዲስ አበባ ግሮሰሪዎች ከመደርደሪያው አናት ላይ የሚቀመጠው፣ ዋጋው ሲነገር ጠያቂውን ዝም የሚያሰኘው «ሲንግል ሞልት» የተባለው የስኮትላንድ ውስኪ እና ከወልዲያ ወደ ደሴ ሲኬድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በመርሳ ከጓሮ ተቀድቶ በጄሪካን የሚሸጠው አረቄ የአጎት ልጆች ናቸው። ይህን ስል የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ፤ ስቆ ሲያበቃ ግን እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ።

ለመሆኑ ሲንግል ሞልት ምንድን ነው? ሞልት ብቅል ነው። ሲንግል ማለት ደግሞ የአንድ ቤት ብቻ፣ ከሌላ ቤት ያልተቀላቀለ ማለት ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአንድ ቤት የብቅል አረቄ» ከመሆን አያልፍም። ገብስ ይበቅላል፤ ይደርቃል፤ ይፈጫል፤ በሙቅ ውሃ ይበጠበጣል፤ እርሾ ገብቶበት ይፈላል፤ ከዚያ በመዳብ ጋን ተጥዶ እንፋሎቱ እየቀዘቀዘ ይንጠባጠባል። አንዴ የወጣው ደካማ ስለሆነ ተመልሶ ይጣዳል። በስኮትላንድ አብዛኛው ሲንግል ሞልት ሁለት ጊዜ የተጣራ ነው። እኛ «ዳግም» የምንለው ማለት ነው።

የመርሳዋ ወይም የወልዲያዋ አረቄ አውጪስ ምን ታደርጋለች? ብቅሏን ታበቅላለች፤ ታደርቃለች፤ ከተወቀጠ ጌሾ ጋር ትጠነስሳለች፤ ቂጣ ጋግራ ትቆራርስበታለች፤ ፈልቶ ሲበስል ጋኑን ጥዳ አፉን ትመርጋለች፤ እንፋሎቱ በቱቦ አድርጎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ይወርዳል። የጠራውን እንደገና ብታጣራው ዳግም ይሆንላታል። ጌሾው የእኛ ነው፤ እህሉም እንደየአገሩ ይለያያል፤ ጋኑም መዳብ አይደለም። የጥበቡ አጥንት ግን አንድ ነው። ከስኮትላንዱ ጋን ትኩስ የወጣው መጠጥም ቢሆን ቀለም የለውም፤ እንደ አረቄያችን ውሃ መስሎ ነው የሚወርደው።

ስሙን እንኳ ብንመረምር የሚያስተዛዝብ ነገር እናገኛለን። ውስኪ የሚለው ቃል ከጌሊክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የሕይወት ውሃ» ከሚል ሐረግ ያጠረ ነው። አረቄ ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ላብ» ነው። በጋኑ ክዳን ላይ የሚያቸፈችፈውን ጠብታ አይተው ያወጡለት ስም ነው። እነሱ የሕይወት ውሃ አሉት፤ እኛ ላብ አልነው። ስም ዕጣ ፈንታ ነው የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ሳይደሰቱ አይቀሩም።

ግን ዕጣ ፈንታ አልነበረም። ልዩነቱን ያመጣው ሕግና ትዕግሥት ነው። እስከ 1823 እ.ኤ.አ. ድረስ በስኮትላንድ ደጋማ ሸለቆዎች አብዛኛው ውስኪ የሚወጣው በድብቅ ነበር። ገበሬው ጋኑን ከቀረጥ ሰብሳቢ ይሸሽግ ነበር፤ ቀረጥ ሰብሳቢውም ጋን ሲያገኝ ይሰባብር ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ፈቃዱንና ቀረጡን ትንሽ አምራች ሊችለው በሚችለው ልክ አወረደው። በ1824 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ስሚዝ የተባለ የግሌንሊቬት ሸለቆ ገበሬ ፈቃድ አወጣ። በድብቅ ይሠሩ የነበሩ ጎረቤቶቹ እንደ ከዳተኛ ስለቆጠሩት ሁለት ሽጉጥ ታጥቆ ይንቀሳቀስ እንደነበር በታሪክ ተመዝግቧል። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1884 እ.ኤ.አ.፣ የሸለቆውን ስም ብቻውን የመጠቀም መብት ለዚያ ቤት ጸና፤ ሌሎቹ የራሳቸውን ስም ከፊት እንዲያስቀድሙ ተገደዱ። አንድ የጓሮ ጋን በስድሳ ዓመት ውስጥ ለስሙ የሚሟገትበት ደረጃ ደረሰ ማለት ነው።

ዕድሜውስ ቢሆን? ውስኪ ከጥንት ጀምሮ በበርሜል ተኝቶ የሚጠጣ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። በበርሜል ማቆየት በብሪታንያ በሕግ የተደነገገው በ1915 እ.ኤ.አ. ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ዓመት፣ በዓመቱ ደግሞ ሦስት ዓመት ተባለ። ከዚያ በፊት ከጋን ትኩስ የወረደ ለጋ መጠጥ በየመሸታ ቤቱ ይቸበቸብ ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ2009 እ.ኤ.አ. ደንብም ከሦስት ዓመት በታች በባሉጥ በርሜል የቆየ፣ ወይም የአልኮል መጠኑ ከመቶ 40 በታች የሆነ መጠጥ ስኮች ተብሎ እንዳይጠራ ይከለክላል። እንግዲህ ክብሩ ከሰማይ አልወረደም። ተደነገገ፤ ተጠበቀ፤ ከበረ።

አሁን ወደ ውስኪ ጠጪያችን እንመለስ። እሱ በውስኪ ውስጥ ያገኘው ክብርን እንጂ ጣዕምን አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ጠርሙሱን ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ ያስቀምጠዋል። ጥቁር ነው፣ ቀይ ነው፣ ወርቃማ ነው፣ ሰማያዊ ነው እያለ በመለያው ቀለም ይመርጣል። ልጓዙ ባለ ጥቁር መለያ ለመሆኑ ለሽማግሌ ሲላክ፣ ለሠርግ ሲገዛ፣ ለአለቃ ሲበረከት ይነገርለታል። ያ ጠርሙስ ከብዙ ቤቶች የተውጣጣ የብቅልና የሌላ እህል ውስኪ ቅልቅል መሆኑን ግን አይጠይቅም። ቅልቅል መሆኑ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ቅልቅል ጥበብ ነው። ነውሩ አለመጠየቁ ነው። ከዚያም በረዶ ይሞላበታል፤ ኮካ ይደፋበታል፤ ጣዕሙን ቀብሮ ዋጋውን ይጠጣል።

ሲንግል ሞልት መምረጥ የሚፈልግ ሰው ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው። አንደኛ፣ የትኛው ቤት፣ የት አገር? ኢስላ ከተባለችው ደሴት የሚመጣው አብዛኛው ጭስ ጭስ ይላል፤ ብቅሉ የሚደርቀው ፒት በሚባል፣ ረግረግ ውስጥ ለብዙ ዘመን በስብሶ በተቆለለ የሣርና የቅጠል ነዳጅ ጭስ ነውና። የስፔይ ወንዝ አካባቢ ውስኪ ደግሞ በአብዛኛው ለስላሳ፣ ፍራፍሬ የሚሸት ነው። ሁለተኛ፣ በርሜሉ ቀድሞ ምን ነበረበት? የአሜሪካ ቡርቦን የነበረበት በርሜል ቫኒላ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ይሰጣል፤ ሼሪ የተባለው የስፔን ወይን ጠጅ የነበረበት ደግሞ ዘቢብና ቴምር ያስታውሳል። ሦስተኛ፣ ዕድሜው ስንት ነው? በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር በውስጡ ካለው ሁሉ የትንሹን ዕድሜ ነው የሚናገረው። ከፍ ያለ ዕድሜ ከፍ ያለ ዋጋ ነው እንጂ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ጣዕም አይደለም፤ በርሜል ውስጥ ከልክ በላይ የቆየ መጠጥ እንጨት እንጨት ይላል። አራተኛ፣ ቀለሙን አትመኑ። የስኮትላንድ ሕግ የካራሜል ማቅለሚያ መጨመርን ይፈቅዳልና የጠቆረ ሁሉ ያረጀ አይደለም።

አጠጣጡም ምሥጢር የለውም። አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ፣ ጥቂት መጠን፣ ምግብ ከተበላ በኋላ። መጀመሪያ ይሸተታል። ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ ውሃ ይጨመርበታል፤ ውሃው የአልኮሉን መንደድ አብርዶ ሽታውን ይገልጠዋል። ከዚያ በምላስ ላይ ይቆያል። አንድ፣ ቢበዛ ሁለት፤ ከዚያ ይበቃል። ሦስተኛውን የሚጠጣው ምላስ አይደለም።

ደግሞስ ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? የጠላ ጋኑን በወይራ የሚያጥን ሕዝብ የጭስን ጥበብ ከኢስላ ደሴት መማር አያስፈልገውም። ጭሱ ትንሽ ሲያንስ «አልታጠነም» የሚል፣ ሲበዛ ፊቱን የሚያጨማድድ ምላስ አለን። ያንን ምላስ አረቄ ቤት በር ላይ ጥለነው ነው የምንገባው።

ይህን ካልኩ ዘንድ ወደ አረቄ ጠጪው ልዙር፤ ከእሱ ጋር ያለኝ ጠብ ይብሳል። አረቄ የሚቀዳበትን ትንሽ ብርጭቆ ምን ብለን እንደምንጠራው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «መለኪያ» ነው የምንለው። በውስጡ ግን አንድም የሚለካ ነገር የለም። አልኮሉ ከመቶ ስንት እንደሆነ አይታወቅም። ተራ ነው ዳግም አይታወቅም። ከምን እህል እንደወጣ፣ የት እንደወጣ፣ ማን እንዳወጣው፣ መንገድ ላይ ምን እንደተጨመረበት አይታወቅም። መለኪያ አለን፤ ልክ ግን የለንም።

የማንጠይቀው ነገር ደግሞ ይገድለናል። ከእህል በወጉ የተጠመቀ መጠጥ ውስጥ የሚገኘው ሜታኖል እጅግ ጥቂት ነው። ሰው የሚያሳውረውና የሚገድለው ሜታኖል በአብዛኛው የሚመጣው ለፋብሪካ ሥራ የተዘጋጀ አልኮል ለትርፍ ሲቀላቀል ነው። ከጥሩ እጅ የወጣውና የተበረዘው በአንድ ዓይነት ጄሪካን፣ ያለ ስም፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጠጪው በምን ይለያቸው? ስም የሌለው ዕቃ ለበራዡ መሸሸጊያ ነው። ባለሙያዋ ስሟን ብታጽፍበት ኖሮ ለስሟ ትጠነቀቅ ነበር፤ በራዡም በስሟ አይነግድም ነበር።

ምርጫ ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም። የደብረ ብርሃን አረቄ በስሙ ይጠራል። የአርሲ ነጌሌ አረቄ በስሙ ይጠየቃል። ጎጃም የዳጉሳ አረቄ አለው፤ የግብጦም አለው። ሕዝቡ ሳይማር የአገርና የእህል ስም እየጠራ መምረጥ ጀምሯል። ስኮትላንድም የጀመረችው ከዚሁ ነበር። ልዩነቱ እዚያ ሕጉ ስሙን ተከትሎ መጣ፤ እዚህ ስሙን ማንም እንዳሻው ይለጥፈዋል።

ወሎ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ ሊያፍርም ሊኮራም ይገባዋል። የወሎ ገበሬ ለማሽላው ያወጣለትን ስም ስሙ፤ «ወተት በጉንጬ» ይላል፤ «ማር ጩቄ» ይላል፤ «ጅጉርቲ» ይላል። በምላሱ ቀምሶ ስም የሚያወጣ ገበሬ ነው። ቅምሻውም ከንቱ አልነበረም፤ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ላይሲን በተባለው ገንቢ ንጥረ ነገር የበለጸጉ ሆነው ያገኟቸው የማሽላ ዘሮች ከኢትዮጵያ፣ ከዚሁ ከወሎ የተገኙ ናቸው። በሐብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው የማሽላ ዝርያዎችም «የጁ» እና «ግራና» የሚባሉ አሉ፤ ሁለቱም የዚያው አገር ስሞች ናቸው። ዘሩ ስም አለው። እሸቱ ስም አለው። ያው እህል በቅሎ፣ ተጠንስሶ፣ ተጣርቶ ሲወጣ ግን ስሙን ያጣና «ካቲካላ» ብቻ ይሆናል። በማሳው ላይ ባለስም የነበረ እህል በጋኑ ውስጥ ስም የለሽ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?

ተቃውሞዎችን አውቃቸዋለሁ፤ አልሸሻቸውም። የመጀመሪያውና ከባዱ ይህ ነው፤ «በ1965 እና በ66 ዓ.ም.፣ እንደገናም በ1977 ዓ.ም. ሕዝቡ በረሃብ ባለቀበት በወሎ ምድር እህል አረቄ ይሁን ትላለህን?» ይላሉ። ጥያቄው የሚያስከብር ነው። መልሱ ግን እህሉ ዛሬም አረቄ እየሆነ ነው የሚል ነው፤ እኔ ስላልኩ የሚጀምር፣ ዝም ስላልኩ የሚቀር አይደለም። ብሪታንያ በ1757 እ.ኤ.አ. ሰብል ሲጠፋባት እህል ለመጠጥ እንዳይጣራ አግዳ ነበር፤ ፈቃድ የወጣለትን ጋን ማገድ ቻለች፤ በየጓሮው የተሸሸገውን ግን አልቻለችም። በክፉ ዘመን ሊያዝ የሚችለው የሚታወቅ ጋን ነው። በተጨማሪም ሦስት ዓመት ቆይቶ በስሙ የሚሸጥ ጥቂት መጠጥ ከአንድ ኩንታል እህል የሚያስገኘው ገቢ፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ በሚያልቀው ጄሪካን ከሚገኘው ጋር አይወዳደርም። ያነሰ እህል ፈጅቶ የበለጠ የሚከፍል ሥራ ረሃብን አያባብስም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሃይማኖት ነው። ሐብሩና አካባቢው ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተጎራብቶ የሚኖርበት አገር ነው፤ መጠጥን በእምነቱ የማይነካው ወገን ብዙ ነው። ለእሱ የምለው ነገር የለኝም፤ ከእኔ ይልቅ ጤነኛው እሱ ነው። ነገር ግን የማይጠጣው ጎረቤትም ቢሆን መንገድ ላይ ወድቆ የሚያድር፣ ቤቱን የሚበትን ሰካራም ከደጁ እንዲጠፋለት ይፈልጋል። የመጠጥን ልክ ማወቅ ለማይጠጣውም ይጠቅማል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «አረቄን ማሞገስ ስካርን ማሞገስ ነው» የሚል ነው። የለም። እኔ ያሞገስኩት ጠይቆ፣ መርጦ፣ ለክቶ መጠጣትን ነው። አረቄ ቤት የሚፈርሰውን ኑሮ አይቻለሁ፤ ማንም አይቶታል። ጠዋት በባዶ ሆድ የሚገለበጠው መለኪያ የሚያጠፋው ትውልድ ቀላል አይደለም። ይህንን ጥፋት ግን መናቅ አላስቆመውም። አረቄን «የድሃ መጠጥ» ብለን ከዓይናችን ስናርቀው ከቁጥጥርም አራቅነው፤ ድሃውም ብቻውን ቀረበት።

እንግዲያው ምን ይደረግ? ከሩቅ አንጀምር፤ ከቡናችን እንጀምር። ኢትዮጵያ በ2005 እ.ኤ.አ. ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ጥያቄ ስታቀርብ ብዙ ሰው ሙግቱ አይሳካም ብሎ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ። የስምን ዋጋ እናውቃለን ማለት ነው። ቡናውን በትውልድ ቦታው የጠራ አገር አረቄውን በትውልድ ቦታው መጥራት አያቅተውም።

ከእኛ የሚሞቁ አገሮችም ሠርተውታል። የሕንዱ አምሩት ኩባንያ በባንጋሎር ያሳደገውን ሲንግል ሞልት በ2004 እ.ኤ.አ. ይዞ የሄደው ወደ ማን ነበር ቢሉ ወደ ስኮትላንዶቹ ራሳቸው፣ ወደ ግላስጎው ነበር። በሙቀቱ የተነሣ መጠጡ ከበርሜሉ ቶሎ ቢተንንበትም በዚያው ልክ ቶሎ ይበስልለታል። ዩጋንዳም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እንጉሊ የሚባለውን የጓሮ መጠጥ አውጪዎች ፈቃድ እንዲያወጡና ምርታቸውን ለፋብሪካ እንዲሸጡ በሕግ ደንግጋ፣ ዳግመኛ እያጣራች «ዩጋንዳ ዋራጊ» በሚል ስም አወጣችው። የጓሮው ንግድ በዚያ አልቆመም፤ ስሙ ግን ድንበር ተሻገረ።

የምጠይቀው ትልቅ ፋብሪካ አይደለም። ትልቅ ፋብሪካ ከመጣ አረቄ አውጪዋ ሴት ቅጥረኛ ሆና፣ ስሙ ደግሞ የሌላ ሰው ሆኖ ይቀራል። የምጠይቀው እንደ 1823ቱ ሕግ ለትንሽ ሰው የተሰፋ ፈቃድ ነው። አውጪዎቹ በማኅበር ይመዝገቡ። ምርቱ ጠርሙስ ላይ ሲወጣ የአውጪዋ ስም፣ የእህሉ ዓይነት፣ የቦታው ስም፣ የአልኮሉ መጠን ይጻፍበት። ሜታኖሉ ይመርመር። ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ይቅረብላቸው፤ የአረቄ ማገዶ የሚፈጀው ዛፍ ቀላል አይደለምና። ስለ ብቅል የሚያውቁ ተመራማሪዎችም ከየጁ ማሽላ የወጣውን ከግራናው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው በበርሜል ያቆዩት፤ ሦስት ዓመት ይጠብቁት። ትዕግሥት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ከሕጉ በፊት ግን ከእናንተ ከአንባቢዎቼ የሚጀምር ነገር አለ። ነገ ውስኪ ሲቀርብላችሁ የመለያውን ቀለም ትታችሁ «የየት ነው? የምን በርሜል? ስንት ዓመት?» በሉ። አረቄ ሲቀርብላችሁም ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ፤ «የየት ነው? የምን እህል? ተራ ነው ዳግም? ማን አወጣችው?» በሉ። መልስ ካላገኛችሁ መለኪያውን እንደ ሞላ መልሱት። አምስት ሰው ሲመልሰው ባለቤቷ ትሰማለች፤ አሥር ሰው ሲመልሰው ጄሪካኑ ላይ ስም ይጻፋል። ጠያቂ በሌለበት አገር ጥሩ ባለሙያና በራዥ እኩል ይሸጣሉ፤ እስከ ዛሬ የሆነው ይኸው ነው።